ቆሎ ሻጯና ባለ ሪፖርቱ

ገና መሠረቱ ያልተቆፈረ አፓርታማ የሚሸጥ ኢንጂነር ምንተስኖት የሚባል ሰው ነበር፤ ያለ ሪፖርት አፉን አይከፍትም። አንድ ቅዳሜ ገዢዎችን ባዶው ቦታ ላይ ሰብስቦ፣ ባለ ቀለም ሪፖርቱን ገለጠና፣ «ዳታ አይዋሽም! መሬቱ አለት ነው፤ የቧንቧ ውኃውም ሌት ተቀን አይቋረጥም» ሲል አነበበላቸው። አንዱ ገዢ ፊቱን ቅጭም ሲያደርግበት ጊዜ፣ በአጥሩ በር ላይ ቆሎ የሚሸጡትን አሮጊት አስጠራ። ቦታውን የሸጡለት እሳቸው ናቸው።

ጠጋ ብሎ በጆሯቸው፣ «አሳምረው ይመስክሩ፤ አለዚያ ነገ ሌላ መሸጫ ይፈልጉ» አላቸውና ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «እማማ፣ ሪፖርቱ እውነት ነው ሐሰት?» አለ።

«እውነት ነው እንጂ ልጄ!» አሉ አሮጊቷ። «ሪፖርትህማ ተአምረኛ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ግቢዬን ስትገዛኝ ያነበብክልኝ፣ ቦታው ረግረግ ነው፣ የቧንቧ ውኃም አይደርሰውም ይል ነበር። ይኸው አንድ አካፋ አፈር ሳይነሳ ረግረጉ አለት ሆነ፤ ውኃውም መጣ! እኔም ነገ ሌላ መሸጫ ፍለጋ መንከራተቴ ነው፤ ጉልበቴ ግን አላራምድ ብሎኛል። እባክህ የሪፖርቱን ጸሐፊ ላክልኝ። ረግረግ በወረቀት ያደረቀ ሰው፣ ጉልበቴን ማዳን አያቅተውም።»