ጨውና ቃል

ኑ ጠጋ በሉ ልጆቼ። ትልልቆቹም ቁጭ በሉ፤ ተረት ዕድሜ አይጠይቅም።

ድሮ ድሮ፣ አውሬውም ከብቱም በአንድ አፍ ሲነጋገር፣ አንድ ደጋ አገር ነበረ። ሣሩ ለምለም፣ ውሃው ቀዝቃዛ፣ ገብሱ ዓይን የሚስብ። አንድ ነገር ብቻ ጎደለው፤ ጨው። ጨው የሚቆረጠው ከታች፣ ከትልቁ ገደል ባሻገር፣ ምድሩ እሳት ከሚተፋበት ቆላ ነው።

ያን ሁሉ መንገድ ደግሞ ማንም ብቻውን አይችለውም። ግመል ገደል አይወጣም፤ የደጋ አህያም የቆላ ሐሩር አትችልም። ስለዚህ ተቀባበሉት። አያ ግመል አሞሌ ጨውን ከጨው ሜዳ ጭኖ ገደሉ ግርጌ ያደርሳል። አያ በቅሎ ከግርጌ ተቀብሎ ገደሉ ወገብ ላይ እስካለው ዋሻ ያወጣል። ከዋሻው እሜቴ አህያ ተቀብላ ለደጋው ታከፋፍላለች። ሲመለሱም ጀርባቸው ባዶ አይሆንም፤ የደጋው ገብስ በዚያው መንገድ እየተቀባበለ ይወርዳል።

በየመቀባበያው ልማድ ነበራቸው። ተቀባዩ፣ "ምን አመጣህ?" ይላል።

አምጪው፣ "ጨውና ቃል" ይላል።

መጀመሪያ ጨው ይራገፋል፣ ከዚያ ቃል ይነገራል። ከታች ምን ያህል ተቆረጠ፣ ከላይ ምን ያህል ይፈለጋል፣ ማን ታመመ፣ ማን ወለደች።

እሜቴ አህያ ከጨው ይልቅ ቃሉን ነበር የምትጠብቀው። አንዲት ልጅ አለቻት፤ ገና በልጅነቷ ለቆላ አህያ ተድራ ወርዳ፣ ሐሩሩን ለምዳ፣ እዚያው ጨው ሜዳ ላይ አሞሌ እያመላለሰች የምትኖር። እናት መውረድ አትችል፣ ልጅ መውጣት አትችል። "ለእናቴ ደህና ነኝ በሉልኝ" የምትለው ቃል ግን ከግመል ወደ በቅሎ፣ ከበቅሎ ወደ ዋሻው ጠባቂ፣ ከጠባቂው ወደ እናት ጆሮ ትገባለች። እሜቴ አህያ ያችን ቃል ይዛ ዳገቱን ስትወጣ ሸክሙም አይታወቃት።

የዋሻው ጠባቂ አያ ዝንጀሮ ነበር። ክረምት ሲገባ ገደሉ ስለሚያዳልጥ፣ ለዚያ ጊዜ የምትሆን ጥቂት ጨው ዋሻው ውስጥ እንድትቀመጥ ተስማምተው አደራ የሰጡት ለእሱ ነው። መጀመሪያ ደህና አድርጎ ጠበቀ። አንድ በጋ ግን በቅሎ ታሞ ዘገየና ጨው እጥር አለ። የደጋ እንስሳት ደንግጠው ዋሻው ደጅ ተሰለፉ። ንብ ማር፣ ዶሮ እንቁላል፣ ላም ወተት ይዘው፣ "አያ ዝንጀሮ፣ ጌታችን፣ ካስቀመጥካት ቆንጠር አድርግልን" አሉት። ቆንጠር አደረገላቸው፤ ማሩንም ተቀበለ።

ጣቱን እየላሰ አሰበ። "ጨው ሲበዛ ሰላም የሚለኝ የለም። ሲጠፋ ጌታችን ይሉኛል። ታዲያ ለምን አይጠፋም?"

በቅሎ ድኖ መጣ። "ምን አመጣህ?"

"ጨውና ቃል።"

"ጨውን አስገባ፤ ቃሉንም ንገረኝ፤ ለእሜቴ አህያ አደርሳለሁ" አለ ዝንጀሮ። "ደጋዎቹ አልበቃንም ብለዋል፤ ጨምር።"

ትንሽ ቆይቶ እሜቴ አህያ መጣች። ዝንጀሮ ጨውን በቅጠል ሸፍኖ ደጁ ላይ ቁጭ ብሏል።

"ጨው አለ?"

"የለም።"

"ቃልስ?"

"የለም።"

ጨውን ደብቆ ቃሉን ቢያሳልፍ ተንኮሉ ይገለጥበታላ! ስለዚህ ሁለቱንም ዋጣቸው።

ደጋው ተሸበረ። በአሞሌ ስባሪ ይኖር የነበረው ሁሉ፣ ቢገኝ ልደብቀው ብሎ ሙሉ አሞሌ ይጠይቅ ጀመር። ዝንጀሮ ማር እየተቀበለ ስባሪ ይሰጣል፤ ወደ ታች ደግሞ "ጨምሩ! ጨምሩ!" ይላል። ከታች ያሉት እውነት መስሏቸው ያለ ዕረፍት ይጭናሉ፣ ከላይ ያሉት ድንጋይ ይልሳሉ፤ መሐል ላይ የዝንጀሮ ዋሻ እስከ ጣራው ሞላ። የውሃ መውረጃውን ሳይቀር በአሞሌ ደፈነው።

እሜቴ አህያም ትመላለሳለች።

"ጨው አለ?"

"የለም።"

"ቃልስ?"

"የለም።"

ባዶ ጀርባዋን ይዛ ትመለሳለች፤ ባዶ ጀርባ እንደዚያ እንደሚከብድ አታውቅም ነበር። ገደሉ አፋፍ ላይ ቆማ ወደ ታች ታያለች። ቆላው በጭጋግ ተሸፍኗል። ነፋስ ከታች ሲነፍስ አፍንጫዋን ከፍ አድርጋ ታሸታለች፤ ምናልባት የልጇ ጠረን ይኖርበት እንደሆነ። ትኩስ አቧራ ብቻ ይሸታታል።

ላሚቱ አይታት፣ "እሜቴ፣ ሣር እንኳ ቅመሽ እንጂ" አለቻት። "ጨውም አንድ ቀን ይመጣል።"

"ጨውስ ድንጋይም ልሰን እንከርማለን እቴ። እኔን የጨረሰኝ ዝምታው ነው። ሞታ ከሆነ አልቅሼ ይወጣልኛል። ካለች ደግሞ ምነው ረሳችኝ?"

በማግስቱ ማለዳ ተነሣች። ከዋሻው አልፋ የማታውቀው አህያ ቁልቁለቱን ጀመረችው።

ዝንጀሮ ዘሎ ተነሣ። "ወዴት ነው?"

"መንገዱ የተበጠሰበትን ላየው።"

"አብደሻል? ገደሉ ይበላሻል!"

"ናፍቆት ከሚበላኝ ገደል ይብላኝ" ብላ አለፈችው።

ኮቴዋ እየተንሸራተተ ወረደች። አንድ ጥምዝ ላይ ስትደርስ በቅሎ ወገቡ እስኪጎብጥ ተጭኖ ሲወጣ አገኘችው። ጀርባው ቆስሏል።

"አንቺ!" አለ በቅሎ በንዴት። "ምን ዓይነት አገር ነው ያላችሁ? አምጣ፣ ጨምር፣ አምጣ፣ ጨምር! ጨረሳችሁኝ እኮ!"

"ማን? እኛ?" አለች እሜቴ አህያ። "እኛማ ሙሉ አሞሌ ካየን በጋው አለፈ።"

በቅሎ ጀርባው ላይ ያለውን ጭነት ዞሮ አየ።

እሷም ቀስ ብላ፣ "ልጄስ?" አለች።

በቅሎ ግራ ገባው። "ልጅሽማ ቃል ያልላከችበት ጊዜ የለም። ለዝንጀሮ ስነግረው ነው የከረምኩት። ወልዳለች እኮ! ሴት። 'ስም የምታወጣላት እናቴ ናት' ብላ፣ የአንቺን ቃል እየጠበቀች ሕፃኗ እስካሁን ስም የላትም።"

እሜቴ አህያ እዚያው ተንበርክካ አለቀሰች። ሰማዩም ያን ጊዜ ተቀደደ፤ የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ ወረደ። ከላይ ከድንጋዩ ላይ ውሃ ፊቷ ላይ ተንጠባጠበ። ከንፈሯን ላሰች፤ ጨው ጨው አለ። እንባዋ መሰላት። ግን መጠኑ ከእንባ በለጠ፤ በቅሎም ላሰው፤ እሱም ጨው ጨው አለው።

ቀና ብለው ቢያዩ ውሃው ከዋሻው አፍ ነው የሚፈሰው።

ሽቅብ ወጡ። እሜቴ አህያ አፋፉ እስኪሰማ ድረስ አናፋች፤ የደጋ እንስሳት ሁሉ እየሮጡ ወረዱ። ሲደርሱ ጎርፉ መውረጃ አጥቶ ዋሻውን ሞልቶታል፤ ያ ሁሉ አሞሌ ሟሙቷል። አያ ዝንጀሮ የመጨረሻዋን አሞሌ አቅፎ ተቀምጧል፤ እሷም በእቅፉ እያነሰች ትሄዳለች።

"ለእናንተው ነው ያስቀመጥኩት!" አለ። "ለክፉ ቀን ብዬ!"

ሽማግሌው በሬ ቀንዱን ነቀነቀ። "ክፉው ቀን ማር ይዞ ደጅህ ሲመላለስ ነበር እኮ። አላወቅከውም።"

አሳደዱት። ዛሬ ዝንጀሮ ከሰው እርሻ እየተባረረ ገደል ለገደል የሚንከራተተው፣ ድንጋይም እያገላበጠ የሚልሰው ከዚያ ወዲህ ነው ይላሉ።

ዋሻውን ከዚያ በኋላ ሁሉም በየተራ ይጠብቁት ጀመር። የክረምቷ ጨው ማንም አላፊ በሚያያት ቦታ ተቀመጠች። ቃልም በጠባቂ መተላለፉ ቀረና፣ አህያ ከበቅሎ፣ በቅሎም ከግመል ፊት ለፊት ይነጋገሩ ጀመር።

በቅሎ ሊወርድ ሲል እሜቴ አህያ ጠጋ አለችው። "ለልጄ ንገርልኝ። ስሟ አለሁልሽ ነው።"

ስሟ ከበቅሎ ወደ ግመል፣ ከግመል ወደ ጨው ሜዳ ወረደች። እሜቴ አህያ የልጅ ልጇን በዓይኗ ሳታይ ነው ያረጀችው፤ ገደሉም ሐሩሩም እንደነበሩ ናቸው። ግን በሚቀጥለው ጭነት በቅሎ ዋሻው ደጅ ቆሞ ነበር።

"ምን አመጣህ?"

"ጨውና ቃል። ስሟን ሲጠሯት፣ ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ ወደ ገደሉ ዞራ አየች አሉ።"

እሜቴ አህያ ጨውን ተጭና ዳገቱን ወጣች፤ ያን ቀን ከበቅሎ በላይ ፈጠነች ይባላል።

እንግዲህ ልጆቼ፣ እኔ እዚህ ድረስ ተሸክሜ አመጣኋት፤ ከዚህ እናንተ ተቀበሉኝ።

ቢቀባበሉት ይደርሳል፣ ቢደብቁት ይፈሳል።