ጓጉንቸር ሠሪውና አበልጁ

አንድ ጓጉንቸር ሠሪ ነበረ። አንተ የጠየቅኸኝ ስለ ስልክ ነው፤ ሠርተን የሸጥነውን ስልክ ፕሮግራሙን ባደስን ቁጥር ገዢውን እናስከፍል ወይስ እንዲሁ እንስጥ ብለህ። ስልክ አላውቅም። የዚህን ሰውዬ ነገር ግን አውቃለሁና ቁጭ ብለህ ስማኝ።

ሰውዬው ባለ እጅ ነው። ብረት አግሎ፣ ቀጥቅጦ፣ ሞላ አስገብቶ ጓጉንቸር ይሠራል። በዚያ አገር እህል የተከተተበት ቤት ሁሉ የሚቆለፈው በእሱ እጅ ሥራ ነበር። ሰው ገበያ ሲወርድ፣ ለቅሶ ሲሄድ፣ ደጁን ቆልፎ መክፈቻውን ከማተቡ ጋር ያስርና ይሄዳል። ልቡ ሁለት አይሆንም።

እንዲያም ሆኖ አገሩ ባለ እጁን አያቀርበውም ነበር። ሥራውን ይወዳሉ፤ ማዕዱን ይሸሻሉ። ወንድ ልጅ የወለደ ጊዜ ክርስትና የሚያነሣለት ሰው አጣ። አርባው ቀን ሊሞላ ሲል አንድ ድኻ ገበሬ ማንም ሳይለምነው መጣና ልጁን እኔ አነሣዋለሁ አለ። አነሣውም። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ አበልጅ ሆኑ። ባለ እጁ ከሠራው ሁሉ የተሻለውን ጓጉንቸር መርጦ ሊሰጠው ቢል፣ ገበሬው በነጻ አልወስድም፣ ዝምድናችን ለዚህ አይደለም ብሎ እንደ ማንም ሰው በዋጋው ገዛው። እንዲህ ያለ ሰው ነበር።

አንድ ቀን ባለ እጁ የተቆለፈ ጓጉንቸር ይዞ ሲያገላብጥ ከእጁ አምልጦ ድንጋይ ላይ ወደቀና ተከፈተ። አንሥቶ ቆለፈው። የጓጉንቸሩን ትከሻ በድንጋይ መታ ቢያደርገው ደግሞ ተከፈተ። ሌላ አመጣ፤ ያም ተከፈተ። ስንት ዓመት የሠራውን፣ በስንት ደጅ የተንጠለጠለውን አሰበና ጓጉንቸሩን ፈታቶ አየው። ጉድለቱ ከሞላው ላይ ነው፤ ሲጀምር ጀምሮ የራሱ ስሕተት ነው። መድኃኒቱ ግን ቀላል ነበር። ከምላሱ ኋላ አንዲት ምስማር መምታት ብቻ። አንድ እፍኝ ሽምብራ ቆልቶ እስኪበላ ድረስ እንኳ አይፈጅም።

ለሚስቱ ነገራት፤ መዶሻዬን ይዤ በየቤቱ ልዞር ነው አላት። ሚስቱ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ችግር ያስተማራት ነች። ምስማሩ ያንተ፣ ከሰሉ ያንተ፣ ድካሙ ያንተ፤ በሬ የሸጠ ሰው ሣር እያጨደ ይከተላል ወይ አለችው። በሠርጋቸው ላልጠሩህ ሰዎች ነው ወይ በየደጃቸው የምትዞርላቸው አለችው። ይህ የመጨረሻው ነገር ዘልቆ ገባው። ለአንድ ጓጉንቸር አንድ ቁና እህል ሊያስከፍል ቆረጠ። ለአበልጄ ግን እንዲያው እሠራለታለሁ፣ ሲመጣ አለ በልቡ። በልቡ ብቻ ነው ያለው።

ቅዳሜ ገበያ ወጥቶ ነገሩን ተናገረ። ጓጉንቸራችሁ ድካም አለበት፤ ቁና ይዛችሁ ኑና ላጠንክርላችሁ አለ። ማንም አላመነውም። አንድ ጎልማሳ ከመካከል፣ «ወጡን ሸጠህልን ስታበቃ ጨውን ለብቻው አመጣኸው?» ሲለው ገበያው ሁሉ ሳቀበት።

ባለ እጁ ተቆጣ። አንዱን ጓጉንቸር አንሥቶ ቆለፈና ለጎልማሳው ሰጠው፤ ሳበው አለው። ጎልማሳው ሳበው፤ እምቢ አለው። ያን ጊዜ ባለ እጁ ጎንበስ ብሎ ከመሬት ድንጋይ አነሣና ጓጉንቸሩን ተቀብሎ ሁሉም እንዲያይ ከፍ አድርጎ ይዞ የጓጉንቸሩን ትከሻ መታው። ተከፈተ። ሳቁም ቆመ።

እሱ ያሳየው ለገዢዎቹ ነው። ገበያ ውስጥ ግን የሚቆመው ገዢ ብቻ አይደለም።

የዚያን ቀን ከቀትር በኋላ ሰው ቁናውን ተሸክሞ ይጎርፍ ጀመር። ባለጠጋው አስቀድሞ መጣ፤ መካከለኛውም ተበድሮ መጣ። ባለ እጁ ምስማር እየመታ፣ እህሉን በአንድ ትልቅ ጆንያ እየገለበጠ ሲሠራ ሰነበተ። አበልጁ አልመጣም።

ወሩ ሰኔ ነበር። ገበሬው ቤት የቀረው እህል የዘር ጤፉ ብቻ ነው፤ ሌላው በበጋ አልቋል። ሚስቱ ከዘሩ ቁና ቀንሰህ ሂድ አለችው። ከዘር የጎደለ ቁና የማሳ ጥግ ጦም ያሳድራል አላት። እንዲያው ሥራልኝ በለው፣ አበልጅህ አይደለም ወይ አለችው። እሱን አበልጄ ያልሁት ሰው በሸሸው ጊዜ ነው፤ ዛሬ ልጠቀምበት ብሄድ ያን ጊዜም ለዚህ ነበር የመጣው አይለኝም ወይ አላት። ለመኸሩ እከፍላለሁ ብሎ ተወው።

ባለ እጁም አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ በአበልጁ ደጅ አለፈ። ጓጉንቸሩን አየው። ምስማር አልተመታበትም። መዶሻው ቤት ነው፤ ቤቱም ሩቅ አልነበረም። አሁን ስለ ጓጉንቸሩ ባነሣበት ቁናዬን አምጣ ያልሁት ይመስለዋል፤ ድኻ ነው፣ ይሸማቀቃል አለ በልቡ። ስለዚህ ቆሞ ስለ ዝናቡ ጠየቀው፤ ገበሬውም ዝናቡ ደህና ነው አለ። ገበሬው ደግሞ ስለ ክርስትና ልጁ ጠየቀ፤ ልጁም ደህና ነው ተባለ። ሁለቱም ጓጉንቸሩን እያዩ ስለ ጓጉንቸሩ ሳያወሩ ተለያዩ።

በሳምንቱ በመንደሩ ሰው ሞተ። ሁሉም ለቅሶ ሄደ። በጠራራ ፀሐይ ሌባ ገባ። በምስማር የጠነከረውን ደጅ ሁሉ እያለፈ ሄዶ፣ ገበያ ላይ ያየውን ድንጋይ ገበሬው ደጅ ላይ አነሣ፤ የዘር ጤፉን ጠራርጎ ሄደ።

ገበሬው በማግሥቱ ጓጉንቸሩን ይዞ ወደ አበልጁ መጣ። አልጮኸበትም። ቁጭ በል ቢባልም አልተቀመጠም።

«አበልጄ፣ አልተሰበረም፤ ደህና ነው። ለሌላ ሰው ትሸጠው እንደሆን ብዬ ነው። እኔ ከእንግዲህ የምቆልፍበት የለኝም።»

ባለ እጁ መዶሻውን ጥሎ ተነሣ። ሮጦ ገብቶ ያን ጆንያ እየጎተተ አወጣው። ውሰደው፣ ሁሉንም ውሰደው አለ። ገበሬው እጁን ሰዶ እፍኝ ዘገነና በመዳፉ ላይ በተነው። ነጩ ጤፍ ከቀዩ፣ ጤፉ ከዳጉሳው፣ ከየቤቱ የመጣው ሁሉ ተደባልቋል።

«ይህ ይበላል እንጂ አይዘራም» አለ። እፍኙንም መልሶ ወደ ጆንያው አፈሰሰው፤ አንዲት ፍሬ አላስቀረም።

ባለ እጁ ጆንያውን በአህያ ጭኖ ለገበሬው ሚስት አደረሰ። እሱን እየበሉ ሐምሌን ገፉ። የሰው ማሳ ለምለም ሲሆን የእነሱ እንደ ታረሰ ጥቁሩን ቀረ። ገበሬው ጎረቤቶቹ ሲያርሙ ቆሞ ማየት አልሆንልህ አለው። ሰሊጥ ለማረም ወደ ቆላ ወረደ፤ በመስከረም እመለሳለሁ ብሎ። በመስከረም የመጣው አብሮት የወረደ ሰው ነው። ወባ ነው አለ፤ ሦስት ቀን ነው የታመመው አለ። የገበሬውን ነጠላ ይዞ መጥቶ ነበር።

ባለ እጁ ከዚያ በኋላ መዶሻውንና ምስማሩን ይዞ ያልከፈለውን ቤት ሁሉ ዞረ። ሳይጠሩት ገባ፤ ምስማሩን መታ፤ ወጣ። እህል ቢሰጡት አልተቀበለም። ሰዎቹ ቸር ሰው ነው አሉት። እሱ ግን በአበልጁ ደጅ ሲያልፍ ቀና ብሎ አያይም ነበር። ልጁ ክርስትና አባቴ የት ሄደ ሲለውም ቆላ ነው ያለው ይለው ነበር፤ ልጁ አድጎ መጠየቁን እስኪተው ድረስ።

እንግዲህ ልጄ፣ ባለ እጁ አንተ ነህ። ጓጉንቸሩ ስልክህ ነው። ሰው በዚያ ውስጥ ምን እንደሚያኖር እኔ አላውቅም፤ ገንዘቡ ይሁን የልጁ ፎቶ፣ ብቻ ለእሱ ዘሩ ነው። ገዢው ያልነበረውን ጨምርልኝ ካለህ ዋጋህን ጠይቅ፤ የሠራ ሰው ይብላ። ስትሠራው ያሳሳኸውን መጠገን ግን አዲስ ሥራ አይደለም፤ ያው የመጀመሪያው ሥራህ ነው፣ ሳትጨርሰው የሸጥኸው። አጠነከርሁት ብለህ ባወጅህ ቀን ደግሞ ሌባም ይሰማል። የከፈለው ይድናል፤ ያልከፈለው ግን ዝም ብትል ኖሮ ከሚደርስበት ይብስበታል። እሱም መጥቶ አይለምንህም። ያፍራል።

ያ ሰውዬ የነበረው እግር ብቻ ነው፤ ይሉኝታም ያዘው። ያንተ እድሳት በአየር ነው የሚሄደው አሉኝ፤ ደጅ አያንኳኳም፣ የማንንም ፊት አያሳፍርም።

ሂድና ሳይጠሩህ ድረስላቸው።