ዘቢደርና አልከፈት ያለው በር

ተረት ተረት ስላችሁ «በሩን ክፈት!» በሉኝ። ጮክ በሉ እንጂ! ዘበኛው ጆሮው ከበድ ይላል፤ የሚከብደውም መስማት ለማይፈልገው ነገር ነው።

ዘቢደር የምትባል ልጅ ነበረች። ስሙን ከአያቷ ወረሰች፤ እልሁንም መርቀውላታል። ሕክምና ተማረች፣ ፈተናውን ሁሉ አለፈች፣ ልምምዷንም ጨረሰች። የቀራት ጥቁር ጋዋን ለብሶ መመረቅ ብቻ ነበር፤ ምረቃው ግን ዛሬ ነው ነገ ነው እየተባለ ቆየ። እሱ ሳይደርስ በታችኛው ሰፈር ያለው ሆስፒታል ጠራት። «ለሕፃናት ክፍል ሬዚደንትነት አልፈሻል። ሰኞ መጥተሽ ሥራ ጀምሪ። ሰኞ ያልመጣ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል» አላት። ሬዚደንት ማለት እያከመ የሚማር፣ እየተማረ የሚያክም ሐኪም ነው። የሕፃናት ሐኪም መሆን ደግሞ ዘቢደር ከሁሉ አብልጣ የተመኘችው ነገር ነው።

ሰኞ ጠዋት ነጭ ጋዋኗን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ሆስፒታሉ በር ላይ ቆመች። የፈለገችው ትንሽ ነገር ነበር። በሩ እንዲከፈትላት።

«ጋሼ፣ እንደምን አደሩ? ይክፈቱልኝ፤ አዲሷ ሬዚደንት ነኝ።»

ዘበኛው ጋሽ መኩሪያ ከእግር እስከ ራሷ አያት። «ባጅሽስ?»

«ገና ልጀምር ነው፤ ከየት አመጣዋለሁ?»

«እኔ ሰው አላውቅም፤ የማውቀው ባጅ ነው። ዛሬ አንቺን በመልክሽ ካስገባሁ ነገ ሌላውን በመልኩ ላስገባ ነው። ታዲያ እኔ ዘበኛ ነኝ ወይስ መስታወት? አልከፍትም!»

ባጅ ያላየ ዘበኛ በሩን አልከፍት አለ፤ ዘቢደርም አልመለስም አለች።

ባጅ የሚታተምበት ቢሮ መስኮቱ በመንገዱ በኩል ነው። ዘቢደር ዞራ ሄደችና መስኮቱን አንኳኳች። ባጅ ሠሪዋ ዓይኗን ከኮምፒውተሯ ሳትነቅል «አቤት» አለች።

«እህቴ፣ ባጅ አትሚልኝ።»

«ዲግሪሽን አምጪ። ‹ዶክተር› ብዬ የምጽፈው ዲግሪ አይቼ ነው።»

«‹ዶክተር› የሚለውን ተይውና ስሜን ብቻ ጻፊልኝ።»

«ስምማ ማን የሌለው አለ?» አለችና መስኮቱን ሳበችው።

ዲግሪ ያላየች ባጅ ሠሪ ባጁን አላትም አለች፤ ባጅ ያላየ ዘበኛ በሩን አልከፍት አለ፤ ዘቢደርም አልመለስም አለች።

ባጃጅ ተሳፍራ ወደ ላይኛው ሰፈር፣ ወደ ተማረችበት ኮሌጅ ወጣች። በቀጥታ ሬጅስትራሩ ጋ ገባች። ሬጅስትራሩ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን እየፈለገ ነበር።

«ዲግሪዬን ይስጡኝ።»

«ተመረቅሽ?»

«ጨርሻለሁ።»

«ጨረስሽ ወይ አላልኩም። ተመረቅሽ ወይ ነው ያልኩት።»

«ካልተመረቅኩ የተማሪ መታወቂያዬን ለምን ተቀበላችሁኝ?»

«ጨርሰሻላ!»

እዩልኝ እንግዲህ! ለመቀበል ሲሆን ጨርሳለች፤ ለመስጠት ሲሆን አልተመረቀችም። ተማሪ ነኝ እንዳትል መታወቂያዋን መልሳለች፤ ሐኪም ነኝ እንዳትል ዲግሪዋ አልወጣም። ከሁለት ያጣ ጎመን ሆነች። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ቁጭ ብሎ ያለቅስ ነበር። እሷ መነጽሩን ከግንባሩ አውርዳ አፍንጫው ላይ አስቀመጠችለትና ወጣች።

ምረቃ ያላየ ሬጅስትራር ዲግሪውን አልሰጥ አለ፤ ዲግሪ ያላየች ባጅ ሠሪ ባጁን አላትም አለች፤ ባጅ ያላየ ዘበኛ በሩን አልከፍት አለ፤ ዘቢደርም አልመለስም አለች።

የኮሌጁን ዲን ደረጃ ላይ አገኘችው። ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱ ግን ከትከሻ መታ መታ አያልፍም።

«ልጄ፣ እኔስ መች ጠላሁ? ነገር ግን የት ላስመርቃችሁ? የአዳራሹ መድረክ ፈርሶ ገና አልተሠራም። ወላጅ ከየአገሩ መጥቶ ልጁን መሬት ላይ ቆሞ ሊያየው ነው?»

«መሬት ላይ ብንመረቅ ምን አለበት? አልጋ ሲሞላ መሬት ላይ አንጥፈን አክመን የለ እንዴ?»

ዲኑ ትከሻዋን መታ መታ አደረገ። «ያለ መድረክ ምረቃ፣ ያለ ሙሽራ ሠርግ ነው። እኔን ከምትሞግቺ አናጢውን ጠይቂው። መዶሻውን ጥሎ ተቀምጧል።»

መድረክ ያጣ ዲን ምረቃውን አልደግስ አለ፤ ምረቃ ያላየ ሬጅስትራር ዲግሪውን አልሰጥ አለ፤ ዲግሪ ያላየች ባጅ ሠሪ ባጁን አላትም አለች፤ ባጅ ያላየ ዘበኛ በሩን አልከፍት አለ፤ ዘቢደርም አልመለስም አለች።

አዳራሹ ውስጥ ግማሹ የቆመ፣ ግማሹ የተጋደመ መድረክ ነበር። አናጢው ይትባረክ ጫፉ ላይ ተቀምጦ መጋዙን በጆንያ ይጠቀልላል። አጠገቡ ፔርሙስ ቆሟል።

ዘቢደር ልትቆጣ ነበር የመጣችው። ፊቱን ስታይ ግን ቁጣዋ አፏ ውስጥ ቀረ።

«ጋሼ፣ ምነው መድረኩን ተዉት?»

«እጄ እምቢ አለኝ፣ እህቴ። ሚስማሩን ልመታ ስል ጣቴን እመታለሁ። ልጄ ሶስና ሆስፒታል ተኝታለች። ሳንባዋ ዙሪያ ውሃ ቋጥሮ ትንፋሽ ነስቷታል። ለጎን አልጋ አስታማሚ አደራ ብዬ ሾርባ ልወስድላት ነው የወጣሁት፤ በዚያው ዕቃዬን ልሰብስብ ብዬ። ልጄ ሳትተነፍስ እኔ ለሰው ልጅ የማጨብጨቢያ መድረክ ልሠራ ነው?»

ውሃ የቋጠረ ሳንባ ትንፋሽ አልሰጥ አለ፤ ልጁ ትንፋሽ ያጣችበት አናጢ መድረኩን አልሠራ አለ፤ መድረክ ያጣ ዲን ምረቃውን አልደግስ አለ፤ ምረቃ ያላየ ሬጅስትራር ዲግሪውን አልሰጥ አለ፤ ዲግሪ ያላየች ባጅ ሠሪ ባጁን አላትም አለች፤ ባጅ ያላየ ዘበኛ በሩን አልከፍት አለ፤ ዘቢደርም፣ አዎ፣ አልመለስም አለች።

«የትኛው ሆስፒታል ነው የተኛችው?»

«ታችኛው ሰፈር።»

«ታዲያ ውሃውን ለምን አይቀዱላትም?»

«ዶክተር ኅሩይ ብቻውን ነው ያለው። ‹ይህ ለአንድ ሰው አይሆንም፤ አንዱ ሲቀዳ አንዱ ትንፋሿን መከታተል አለበት› አለኝ። ዛሬ አዲስ ሬዚደንት ትመጣለች ተብሎ ነበር። ጠበቃት፣ ጠበቃት። ‹እንግዲህ ቀረች፤ ነገ ተጠባባቂውን እንጠራለን› አለኝ።»

እንግዲህ ትንፋሻችሁን ያዙ፤ ረዝሟል። ረዳት ያጣ ሐኪም ውሃውን አልቀዳ አለ፤ ውሃ የቋጠረ ሳንባ ትንፋሽ አልሰጥ አለ፤ ልጁ ትንፋሽ ያጣችበት አናጢ መድረኩን አልሠራ አለ፤ መድረክ ያጣ ዲን ምረቃውን አልደግስ አለ፤ ምረቃ ያላየ ሬጅስትራር ዲግሪውን አልሰጥ አለ፤ ዲግሪ ያላየች ባጅ ሠሪ ባጁን አላትም አለች፤ ባጅ ያላየ ዘበኛ በሩን አልከፍት አለ። ሐኪሙ ያጣት ረዳትስ የት አለች? በሩ ላይ ናታ!

እስከዚያች ሰዓት ድረስ ዘቢደርን የያዛት እልህ ነበር። አሁን ግን ደሟ ፈላ።

«ቀረች? ማን ነው የቀረው? እኔ ነኝ እኮ ሬዚደንቷ! ከጠዋት ጀምሮ ግቢ የሚለኝ አጥቼ ከተማውን እዞራለሁ፤ ልጅቷ እዚያ ትንፋሽ አጥታለች፣ እነሱ ‹ቀረች› ይሉኛል?»

ይትባረክ መጋዙን አስቀመጠ። ከዚያ ከሸሚዝ ኪሱ አንድ ቢጫ ካርድ አወጣ፤ የአስታማሚ ካርድ። በዚያ ሆስፒታል ለአንድ ታማሚ አንድ አስታማሚ ይፈቀዳል። ካርዱን የያዘ፣ እናት ትሁን ጎረቤት፣ ይገባል። ለሚያጎርስና ለሚያገላብጥ ሰው ዲግሪህን አምጣ የሚለው የለም።

«ሐኪም ነኝ ብለሽ ካላስገቡሽ እንደ እኔ ግቢ» አላት። «ሾርባውንም ያዢ። እኔ እዚህ እጠብቃለሁ። ልጄ ተነፈሰች በይኝ፤ መዶሻዬን አነሳለሁ።» ደግሞ አሰበና «ዘበኛው እንዳይለይሽ ሻሽሽን ሳብ አድርጊው» አላት።

«ፊቴን አልሸፍንም» አለች ዘቢደር። ካርዱንና ፔርሙሱን ይዛ ቁልቁል ወረደች።

ጋሽ መኩሪያ ካርዱን አየ። ፔርሙሱን አየ። ከዚያ እሷን አየ፤ እሷም ዓይኗን አልሰበረችም።

«ማንን ነው የምታስታምሚው?»

«ሕፃን ሶስና ይትባረክን። ሕፃናት ክፍል።»

ጋሽ መኩሪያ ወደ ሰማይ አንጋጠጠ፤ ዝናብ የሚፈልግ ይመስል። «በይ ሾርባው ሳይቀዘቅዝ ግቢ።»

ሐኪም ነኝ ስትል የተዘጋው በር አስታማሚ ነኝ ስትል ተከፈተ። ዘቢደር መሄዱን ትታ ሮጠች።

ዶክተር ኅሩይ ፀጉሩ የሸበተ፣ እንቅልፍ የጠማው ሰው ነው። ነጭ ጋዋኗን እየቆለፈች ስትመጣ አያት።

«የት ነበርሽ?»

«በር ላይ።»

«ባጅሽስ?»

«ባጄ ዲግሪው ጋ ነው፤ ዲግሪው ምረቃው ጋ፤ ምረቃው መድረኩ ጋ፤ መድረኩ አናጢው ጋ፤ አናጢው ልጁ ጋ፤ ልጁ ደግሞ እርስዎ ጋ ናት። እርስዎ እኔን ሲጠብቁ እኔ እርስዎን ስጠብቅ ልጅቷ ልትሞት ነው?»

ዶክተር ኅሩይ ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ሳቁ ቀደመው። «ፈተናሽን ያረምኩት እኔ ነኝ፤ የምታውቂውን አውቃለሁ። ዲግሪሽ እስኪመጣ ግን እኔ ሳላይ አንዲት ክኒን አትሰጪም። ሂጂ ታጠቢ።»

እጇን ስትታጠብ ፈራች። ለምን እዋሻለሁ፣ በጣም ፈራች። እምቢታ ለዘበኛ ይሠራል፤ ለሕፃን ደረት አይሠራም። ሶስና አልጋው ላይ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ የጎድን አጥንቷ በየትንፋሹ ይቆጠራል። ዘቢደር አጠገቧ ተንበርክካ በአንድ እጇ ትንሿን እጅ፣ በሌላው የልብ ማዳመጫዋን ያዘች። ዶክተር ኅሩይ አደንዝዞ መርፌውን አስገባ። እሷ ትንፋሿን እየተከታተለች «በርቺ፣ አይዞሽ፣ ትንሽ ነው የቀረው» አለቻት። ውሃው ቀስ እያለ በቱቦው ወረደ። የልጅቷ ከንፈር ቀላ፤ ትከሻዋም ረገብ አለ።

ሶስና ዙሪያዋን ቃኘችና «አባዬ የላከው ሾርባ የታለ?» አለች።

ዘቢደር እያለቀሰች ሳቀች። ያን ቀን እምቢ ያላሏት እንባዎቿ ብቻ ነበሩ።

ሰንሰለቱ እዚያ ላይ ተበጠሰና ወደ ኋላ ተመለሰ። ሁሉም በአንድ ቀን የሆነ እንዳይመስላችሁ፤ በአንድ ትንፋሽ የማወራው እኔ ነኝ። ረዳት ያገኘ ሐኪም ውሃውን ቀዳ፤ ውሃው የቀለለለት ሳንባ ትንፋሽ ሰጠ፤ ልጁ የተነፈሰችለት አናጢ መዶሻውን አነሳ፤ መድረክ ያገኘ ዲን ምረቃውን ደገሰ። ሶስናም ድና ወጣች። ስትወጣ ካርዱን መልስ ቢሉት ይትባረክ ኪሱን ዳበሰና «ጠፋብኝ» አለ። ዘቢደር በየጠዋቱ በዚያው በጠፋው ካርድ እየገባች ሠራች።

የምረቃው ቀን ታማሚ እየጎበኘች አረፈደች። ዲኑ ስሟን ደጋግሞ ከጠራ በኋላ፣ ጥቁሩን ጋዋን በነጩ ላይ ደርባ እያለከለከች ደረሰች። አዳራሹ አጨበጨበላት። ከፊት ወንበር ይትባረክ ሶስናን አቅፎ ተቀምጧል፤ ዓይኑ ግን እሷ የረገጠችው ጣውላ ላይ ነበር። ጣውላው ድምፅ አላሰማም።

ምረቃውን ያየ ሬጅስትራር ዲግሪውን ሰጠ፤ ዲግሪውን ያየች ባጅ ሠሪ ባጁን አተመች፤ ዘቢደርም ባጇን ደረቷ ላይ ሰክታ በሩ ላይ ቆመች። ጋሽ መኩሪያ ባጁን አገላብጦ አየና ትልቁን የብረት በር ወለል አድርጎ ከፈተው። ልትገባ ስትል ግን እጁን ዘረጋ።

«ቆይ እስቲ። ያቺ ልጅ ድና ከወጣች ሰንብታለች። አንቺ ግን በየጠዋቱ በእሷ ካርድ ትገቢ ነበር። ዓይን የሌለኝ መስሎሽ ነው? ማንን ስታስታምሚ ከረምሽ?»

ዘቢደር ቢጫውን ካርድ አውጥታ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

«ክፍሉን በሙሉ» አለችና ገባች።

ተረቴን መልሱልኝ፤ በሩን ግን እንዳትዘጉት።