ጥሩምባ ነፊው ኮሌጅ ገባ

አንድ የእድር ጥሩምባ ነፊ ነበር፤ ጎህ ሲቀድ ጥሩምባውን ነፍቶ፣ ማን እንዳረፈ ለሰፈሩ የሚናገር። ድምፁማ ከወንዝ ማዶ ያለ በሬ ያስደነብራል! ታዲያ በስተርጅና ዲፕሎማ አማረውና ኮሌጅ ገባ። ሁሉን አልፎ አንድ ትምህርት ቀረው፤ ሰው ፊት ቆሞ ንግግር ማድረግ የሚባል። አስተማሪው ዶክተር ልሳነወርቅ ደግሞ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ስለ አጭር ንግግር ጥቅም ብቻ ሦስት ሳምንት የተናገረ ሰው ነው።

የፈተናው ቀን ዶክተሩ ሁለት ሰዓት ሙሉ መመሪያ ሲሰጥ ቆየና «በል፣ አንተ ውጣ» አለው።

ሰውየው ወጣ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። «የታች ሰፈር እድርተኞች! እማማ ስንዱ አርፈዋል! ቀብር ስድስት ሰዓት ነው!» ብሎ ተቀመጠ። መስኮቱ ሁሉ ተንቀጠቀጠ።

ዶክተሩ ሳቀበት። «ይኼ ንግግር ነው? መግቢያው የት አለ? ጥቅሱስ? ማጠቃለያውስ? እስቲ አንተ ተናጋሪ የምትባልበትን አንድ ምክንያት ንገረኝ። ካጣህ ወድቀሃል፤ ዲፕሎማውንም እርሳው!»

ሰውየው ብድግ ብሎ እጅ ነሳ።

«ዶክተር፣ እኔ ስናገር የተኛው ይነሳል። እርስዎ ሲናገሩ ተነስቶ የመጣው ይተኛል።»

ዶክተሩ ቱግ አለ። «እናንተስ ምን ትላላችሁ?» ብሎ ወደ ተማሪዎቹ ቢዞር፣ ክፍሉ በሙሉ ዓይኑን እያሸ «ቀብሩ የት ነው?» ይለው ጀመር።

ምን ያድርግ፣ አሳለፈው።