ጅግራና የጦጣ ሳጥን

"አፍህን በፈታህበት ቋንቋ ለምነው፤ እግዜር አስተርጓሚ አያሻውም" ይል ነበር አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና።

ተረት ተረት፣ ጆሮ ያለው ይስማበት።

ብልጧ ጦጣ ድምፅ የሚያደርስ ሳጥን አምጥታ ዛፍ ላይ ሰቀለች። "ከእንግዲህ ልጁን የሚጠራ ሁሉ በዚህ ይጥራ፤ ሜዳው ሙሉ ይሰማዋል" አለች።

ጅግራ፣ "የእኔንስ ጩኸት ያውቃል ወይ?" ብላ ጠየቀች።

"እሜቴ ጅግራ፣ እናንተ ደግሞ ስንት ሆናችሁና! ያስተማርኩት የአውራ ዶሮን ነው፤ እሱ ለሁሉም ይበቃል።"

አንድ ቀን ጫጩቶቿ ርቀው ሳር ውስጥ ሲለቅሙ ጭልፊት በላያቸው አንዣበበ። ጅግራ ወደ ሳጥኑ ሮጣ፣ "ተደበቁ!" ብላ ጮኸች። ሳጥኑ ግን ጩኸቷን ወደ ዶሮ ለውጦ፣ "ኩኩሉ! ነግቷል፣ ውጡ!" አለ። ጫጩቶቹ ከሳሩ ወጡ። ጭልፊቱም አንዷን ይዟት ሄደ።

ጅግራ እያለቀሰች ጦጣ ዘንድ ብትሄድ፣ "ሳጥኑ ምን አጠፋ? አንቺ አጯጯኽሽን አስተካክዪ እንጂ!" አለቻት። አቤት፣ ጌታ ሆይ ትዕግሥቱን ስጠኝ!

ይህን በቤተ ክርስቲያን ደጅ አፌን በፈታሁበት ቋንቋ ሳወራ አንድ የማላውቀው ጎልማሳ ስልኩን ደቅኖ ይቀዳኝ ነበር። ስጨርስ እንዲህ አለኝ፦ "አባባ፣ አንዴ ይድገሙልኝ፤ ግን ስልኬ በሚያውቀው ቋንቋ ያድርጉልኝ።"