ከገዢዎች ጎን የተቀመጠ ሻጭ

እኛ ቢሮ አንድ ሰው የተላከበትን ትቶ የሌላውን ጉዳይ ፈጽሞ ሲመለስ የምንተርትበት አባባል አለ። የሚስቅበት ብዙ ነው፤ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ግን እምብዛም የለም። ባለታሪኩ አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው ስለሆነ እኔ ልንገራችሁ።

እንዳሻው ለፋርማሲዎችና ለጅምላ ነጋዴዎች የሒሳብ ሶፍትዌር ይሸጣል። አፈ ጮሌ ነው፤ ተበሳጭቶ የገዛውን ሊመልስ የመጣ ደንበኛ እንኳ ተጨማሪ ገዝቶ ይሄዳል። ግን ደጅ መጥናት ሰለቸው። «ሥራ አስኪያጁ የሉም፣ ነገ ተመለስ» መባል አንገሸገሸው። እናም ጋሽ ባንትይርጉ የሚመሩት፣ ጀማሪ ኩባንያዎች ላይ ገንዘብ የሚያፈስ ድርጅት ሰው እንደሚፈልግ ሲሰማ ልቡ ሸፈተ።

«እስከ ዛሬ ሰው ስለምን ኖርኩ፤ አሁን ደግሞ እስቲ እኔ ልለመን!» አላት ሚስቱን ትርሲትን።

«ተለመን የኔ ጌታ» አለች። «ግን እኔ ዛሬ ነገ ልወልድ ነው። ሥራውን ሳታየው የያዝከውን እንዳትለቅ።»

እሱ ግን ሰኞ መልቀቂያ ሊያስገባ ቆርጧል። ደግነቱ ጋሽ ባንትይርጉ፣ «መጀመሪያ አንድ ቀን ከእኛ ጋር ተቀመጥና እየው» ብለው ዓርብ ጠሩት።

የዚያን ቀን ገንዘብ ፈላጊዋ ፌቨን የምትባል ወጣት ነበረች። ዶሮ አርቢዎች መኖና ክትባት በስልካቸው የሚከታተሉበት ፕሮግራም ሠርታለች። የእንዳሻው ድርሻ ጉድለቱን ፈልጎ መጠየቅ ብቻ ነው። ልጅቷ ግን ገና ስትጀምር ደነገጠችና ቃል ጠፋባት። እንዳሻው አንጀቱ አልቻለም። ከወንበሩ ተነስቶ ከጎኗ ቆመና «እኔ ላስረዳችሁ!» አለ። ደግሞ አስረዳ! ዶሮን ከወጥ ውስጥ በቀር የማያውቁት የድርጅቱ ሰዎች ሁሉ ራሳቸውን በአዎንታ ይነቀንቁ ጀመር።

«ገጠር ኢንተርኔት በሌለበትስ?» ብለው ጠየቁ ጋሽ ባንትይርጉ።

«ያለ ኢንተርኔት ይሠራል! ምን ችግር አለው?»

ፌቨን እጅጌውን ጎተተችው። «ኧረ ወንድሜ፣ አይሠራም! እሱን እንዲሠራ ለማድረግ እኮ ነው ገንዘቡን የፈለግኩት።»

ይህን ጊዜ ጋሽ ባንትይርጉ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

«ለመሆኑ ሥራህን ለቀሃል?» አሉት።

«ሰኞ ልለቅ ነበር።»

«እሰይ፣ እንኳንም አልለቀቅክ! ልጄ፣ የኛ ሥራ ከሚመጡት አብዛኞቹን ‹አይሆንም› ብሎ መመለስ ነው። አንተ ደግሞ ይህች ቃል ካፍህ አትወጣም።»

እንዳሻው ማፈር ነበረበት። እሱ ግን ቀለለው። ከልጅቷ ጎን ቆሞ ሲያወራ እንዴት ደስ ብሎት እንደነበር አሁን ገና ገባው፤ ለካ የሰለቸው ደጅ መጥናቱ እንጂ መሸጡ አልነበረም። ደረጃውን ሳይጨርስ ደውሎ «የትም አልሄድም» ሲላት፣ ትርሲት «ተመስገን!» ብላ እፎይ አለች።

ፎቅ ላይ ሳቁ ገና አልበረደም። አርፍዶ የገባ አንድ ባልደረባ «ያ አዲሱ ልጅ እንዴት ሆነ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ጋሽ ባንትይርጉ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «ሻጭን ግዛ ቢሉት አሻሽጦ አረፈ!» አሉት።