ሥዕሉ ላይ ብቻ የታረመችው ኖታ

አንድ ኖታ አዘጋጅ ነበር፤ ምንተስኖት ይሉታል። የዜማ ደራሲዎች በእርሳስ ሞነጫጭረው የሚያመጡለትን ኖታ በኮምፒውተር እየጻፈ ለኦርኬስትራ ያዘጋጃል። የሚሠራው በሁለት ፕሮግራም ነው። አንደኛው የኖታ መጻፊያ ነው፤ እዚያ ላይ አንዲት ኖታ ብትቀየር ድምፁም ይቀየራል፣ የእያንዳንዱ ተጫዋች ወረቀትም አብሮ ይታረማል። ሁለተኛው የሥዕል ማስተካከያ ነው። እዚህኛው ላይ ኖታ ድምፅ የላትም፤ ተራ ጥቁር ነጥብ ናት፣ ወደፈለጉበት ይጎትቷታል። ምንተስኖት በመጀመሪያው ይጽፍና ገጹን ወደ ሁለተኛው ወስዶ የተጣበቀውን ያላቅቃል፣ የተጣመመውን መስመር ያቃናል። ደግሞ ሲያምርለት! ያየ ሁሉ "እጅህ ይባረክ" ይለዋል። እሱም ምስጋና ይወዳል፤ ማን ይጠላል?

አንድ ጊዜ ለትልቅ ኮንሰርት አዲስ ሥራ ተሰጠው። የሁሉም ተጫዋች ዜማ አንድ ላይ ያለበትን፣ መሪው የሚያየውን ትልቁን ገጽ አሳምሮ እንደጨረሰ ስልኩ ጮኸ። የኦርኬስትራው መሪ ነበር።

"ምንቴ፣ የክላርኔቱ ሶሎ መጨረሻ ላይ ያለችዋን ኖታ አንድ ደረጃ ከፍ አድርጋት። ደራሲው ተሳስቼ ነው ብሏል።"

"ችግር የለም፣ አሁኑኑ።"

ደንቡ ወደ መጻፊያው ተመልሶ እዚያ ማረም ነበር። እንደዚያ ካደረገ ግን ያ ሁሉ የለፋበት ገጽ እንደገና ሊሠራ ነው። አሳሳው። ስለዚህ ሥዕሉ ላይ ነጥቧን ጎተት አድርጎ ከፍ አደረጋትና "መጻፊያው ላይ በኋላ አርማታለሁ" አለ። አይ በኋላ! ረሳት። የተጫዋቾቹን ወረቀት ያወጣው ደግሞ ከመጻፊያው ነበር፤ ስለዚህ የክላርኔቱ ወረቀት ላይ ኖታዋ ሳትታረም ቀረች።

ክላርኔት የሚጫወቱት ጋሽ ንጋቱ ናቸው። ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ "ጆሯቸው ደክሟል፣ ሶሎውን አጠገባቸው ላለው ወጣት ስጠው" እያሉ መሪውን የሚወተውቱ አልጠፉም። እሳቸው ግን "ይህችን ልጫወትና ልረፍ" ብለው ለምነው ነው የተፈቀደላቸው።

የልምምዱ ዕለት ምንተስኖት ፊት ለፊት ተቀምጧል። ጋሽ ንጋቱ ዜማውን አንቆረቆሩት፤ መጨረሻዋ ላይ ሳቱ። መሪው አስቆመና አስደገማቸው። ያው ነው። ቢደጋግሙትም ያው።

"ጋሽ ንጋቱ፣ ምን ነካዎት ዛሬ?"

"ኧረ እኔ ወረቀቱ ላይ ያለውን ነው..."

"ወረቀቱማ ይኸው!" መሪው ትልቁን ገጽ ከፍ አድርጎ አሳየ። "እንዲህ ጥርት ብሎ ተጽፎ እንዴት ይሳታል?" ከዚያ ወደ ምንተስኖት ዞረ። "የእሳቸው ከዚህ ይለያል እንዴ?"

"በፍጹም! አንድ ነው" አለ ምንተስኖት።

ቃሉ ከአፉ እንደወጣ ሥዕሉ ላይ ብቻ ያረማት ኖታ ትዝ አለችው። ልናገር አለ፤ ግን ያን ሁሉ አድናቂ ፊት ለፊቱ እያየ እንዴት ይናገር? ጋሽ ንጋቱ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። "ይቅርታ ልጆች፣ አስቸገርኳችሁ" አሉ። ከኋላ አንዱ ሳቀ። ምንተስኖት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ ነበር።

በማግስቱ ሰው ሳይገባ ቀደም ብሎ መጣና ከጋሽ ንጋቱ ቦታ ላይ የተሳሳተውን ወረቀት አንስቶ የታረመውን አስቀመጠ። ጉዳዩ በዚሁ ያለቀ መሰለው። ጋሽ ንጋቱ ገብተው ወረቀታቸውን አዩ። አሁንም አዩት። ከዚያ ክላርኔታቸውን ሳይነፉ ወደ ሳጥኑ መለሱት።

"ትናንት እዚህ ላይ ሌላ ኖታ ነበር ያየሁት" አሉ ለመሪው። "የጆሮዬን ችዬው ነበር። ዓይኔም ከከዳኝ ግን ሕዝብ ፊት አልቆምም። ለወጣቱ ስጡት።" ብለው ወጡ።

ምንተስኖት ተከትሏቸው ሮጦ ኮሪደሩ ላይ ደረሰባቸው።

"ጋሼ፣ ዓይንዎ ደህና ነው! ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ወረቀቱንም የቀየርኩት እኔ ነኝ።" አንድም ሳይደብቅ ነገራቸው። ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም።

ሽማግሌው ግድግዳውን ተደግፈው ሰሙት። "ተመስገን" አሉ መጀመሪያ። ቀጥለው "እነሱስ ሰምተዋል?" ብለው ጠየቁት።

"አልሰሙም።"

"የተሳቀብኝ እዚያ ውስጥ ነው ልጄ። እዚህ ኮሪደር ላይ ማን ሳቀብኝ?"

ምንተስኖት ወደ አዳራሹ ተመለሰ። ወጣቱ ሶሎውን ጀምሮታል። እጁን አውጥቶ አስቆማቸውና ሁሉንም ተናገረ። ማንም "አይዞህ" አላለውም። መሪው የመምሪያ ዘንጉን አስቀምጦ ወጣና ጋሽ ንጋቱን እጃቸውን ይዞ አስገባቸው።

በኮንሰርቱ ቀን ሽማግሌው ሶሎውን ሳይስቱ ተጫወቱ፤ ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበ። ምንተስኖትም አጨበጨበ፤ ግን አንገቱን እንደደፋ ነበር።

ወገኖቼ፣ ጥፋታችንን ስንሸፋፍነው እፍረቱ የሚጠፋ ይመስለናል። አይጠፋም። እኛ አልሸከምም ካልነው ምንም የማያውቅ ሰው ይሸከመዋል፤ ያውም ራሱን እየተጠራጠረ። ሰው ፊት ያዋረድነውን ሰው ጓዳ ጠርተን ይቅርታ ብንለው ደግሞ የቀለለው ለእኛ እንጂ ለእሱ አይደለም።

እስቲ ልጠይቃችሁ፦ በእናንተ ጥፋት ዛሬም አንገቱን ደፍቶ የሚሄድ ሰው ይኖር ይሆን? ይቅርታ ጠይቀነዋል ካላችሁስ፣ የጠየቃችሁት የት ሆናችሁ ነው?